የሐረር ፀሐይ በጭሮ

ጭሮ ውስጥ ስልኩ ያስቸገረው ሰው ሁሉ «ልጅቷ ጋ ውሰደው» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ልጅቷ እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝም ልጅቷ ነበርኩ። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ በሩ ላይ የስልክ ሽፋን የተንጠለጠለበት ጠባብ ሱቅ ነበረኝ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራኝ። የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ የተረሳ ፓተርን እከፍታለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ምክር እሰጣለሁ። ምክሩ በነፃ ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነበር።

«ባትሪዬ አይበረክትም» ላለኝ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሼ፣ እሱ ሳያውቅ ከጀርባ ሲሠሩ የሚውሉትን አፖች ዘግቼ እሰጠዋለሁ። «ስልኬ ሞላ» የሚለኝን ደግሞ፣ ዘመድ አዝማድ የላከለትን ያንኑ አንድ የእንኳን አደረሰህ ሥዕል አሥራ ስድስት ጊዜ ተደራርቦ አሳየዋለሁ፤ አብረን እንስቃለን። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በየልጆቻቸው ቁጥር ላይ ፎቶ እለጥፍላቸዋለሁ፤ ስልኩ ሲጠራ ፊቱን አይተው ያነሳሉ። ለጫት ነጋዴዎች በገበያው ጫጫታ መሐል ጥሪ እንዳያመልጣቸው፣ ሲደወል የካሜራው መብራት ብልጭ ብልጭ እንዲል አደርግላቸዋለሁ። ይህቺ ዘዴ እስከ ሂርና ድረስ ስም አስጠርታኛለች። ከዚያ ድረስ መጥተው «ያንን መብረቅ አድርጊልን» የሚሉኝ ነበሩ።

አፕ ስጭንም ሃይማኖት አልመርጥም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ለእኛዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለኦርቶዶክሶቹ የአጽዋማት መቁጠሪያ፣ ለሙስሊሞቹ ቁርአንና የሶላት ሰዓት እጭናለሁ። «ከእኔ ሱቅ ሰው ሁሉ በየእምነቱ ተባርኮ ነው የሚወጣው» እያልኩ እቀልድ ነበር። ዛሬ ይሄ ቀልድ አያስቀኝም። ከጫንኳቸው አፖች አንዷ የአንዲት አሮጊት ሴት ጾም አበላሽታለች። የሚያንገበግበኝም አፗ መሳሳቷ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ለምን እንደጫንኳት ስለማውቅ ነው።

ሴትዮዋ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው አንዱ ድሬዳዋ፣ ሁለቱ ጅቡቲ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። እኔ ካወቅኳቸው ጊዜ ጀምሮ ጆሯቸው ይከብዳል። ቀኝ ጆሯቸው ሥር ተጠግቶ የጮኸ ብቻ ነው የሚሰማው። ለዚህም ይሆናል ሰው የማያሙት፤ ሐሜት በጩኸት አይሆንም።

የእኔና የእሳቸው ነገር የጀመረው በሰባት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተቀየረ ብዙም አልቆየም፤ ከተማችንን ግማሹ ሰው አሰበ ተፈሪ፣ ግማሹ ጭሮ የሚላት ጊዜ ነው። ረመዳን ሲገባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጾም የሚያስፈታው የመግሪብ አዛን ለእኛ ለጴንጤዎቹ ቁልጭ ብሎ ይሰማናል። ለአዮ፣ ቀኑን ሙሉ ጾመው ለዋሉት፣ አይሰማቸውም። እናቴ ይሄ ነገር አላስችል አላትና አንድ ቀን «ሂጂ፣ አዛን ብሏል በያቸው» ብላ ላከችኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኔ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዮ በርጩማቸውን ከአጥሩ አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ለቆርቆሮው ሰጥተው ይቀመጣሉ። አዛን ሲል እኔ በእኛ በኩል ቆርቆሮውን በድንጋይ ሦስቴ እመታለሁ። «እኔ በጆሮ አይደለም፣ በጀርባ ነው የምሰማው» ይሉ ነበር። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ እሄዳለሁ። ቴምር ያነሳሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ለሁለት ይከፍሉታል፣ ፍሬውን ይጥላሉ። አንዱን ግማሽ ራሳቸው ይበላሉ፤ ሌላውን ለእኔ ይሰጡኛል።

«ያበሠረ ሰው ሐቅ አለው» ይሉኛል። ሐቅ ማለት ድርሻ ነው፣ የሚገባሽ ነገር። ሳምቡሳውም ሾርባውም ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሱ ግብዣ ነው። ግማሿ ቴምር ግን ግብዣ አልነበረችም። ታምሜ ቀርቼ እናቴ ካንኳኳች፣ ግማሿ የእናቴ ናት፤ እኔ በማግስቱ ብለምንም አላገኛትም።

ዓመታት አለፉ። ተማርኩ፣ ተመለስኩ፣ ሱቅ ከፈትኩ። እናቴ ቆላው ይሻለኛል ብላ እህቴ ጋ ቦርደዴ ወረደች። ቤቱና የማንኳኳቱ ሥራ ለእኔ ቀሩ። ለሱቄ ደግሞ በረመዳን ከአመሻሽ የበለጠ የሥራ ሰዓት የለም። ጾመኛ ሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ ጊዜው አልሄድ ይለዋል፤ ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ግን በዚያው ሰዓት የሰው ስልክ ሆዱን ከፍቼ ትቼ፣ በባጃጅ ሽቅብ ወደ ቤት፣ ሦስቴ ቆርቆሮ ልመታ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሰለቸኝ። በየቀኑ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲጠጋ መነጫነጭ ጀመርኩ። ልጅ ሆኜ የሮጥኩበትን ነገር አድጌ እንደ ቅጣት ቆጠርኩት።

እናም ዘዴ መጣልኝ። ለሰው ሁሉ ዘዴ ስሰጥ ለራሴ እንዴት አጣለሁ?

በ2008 ረመዳን የገባው ግንቦት ሲያልቅ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ነገር ግን ደህና የሚሠራ ስልክ ይዤ ሄድኩ። የሶላት ሰዓት የሚያሳውቅ አፕ ጭኜበታለሁ። መግሪብ ሲደርስ እንዲነዝርና ያ ስመ ጥር መብረቄ እንዲበርቅ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። ጭንዎ ላይ ያስቀምጡታል፣ ሲንቀጠቀጥ ያፈጥራሉ፣ አለቀ። ስልኩን በነፃ ሰጠኋቸው። ልግስና መሰላቸው፤ ለእኔም መሰለኝ።

የቀረው ከተማ መምረጥ ነበር። አፗ ያለንበትን ቦታ ራሷ እንድትፈልግ ብነካት፣ ኔትወርክ የለም እያለች ዞረች፣ ዞረች፣ ተወችው። በእጄ ልሙላ ብዬ ጭሮ ብዬ ጻፍኩ፤ የለም። አሰበ ተፈሪ ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም የለም። ሁለት ስም ያላት ከተማ በአንዱም አትታወቅም። ከዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ አለ፣ ድሬዳዋ አለ፣ ሐረር አለ። ሐረርን ነካሁ። ምክንያቴ ምን እንደነበር ስናገር አፍራለሁ። የአዮ እናት የሐረር ሰው ነበሩ፤ ሐረር ሲባል ፊታቸው ይፈታል። ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።

ስክሪኑን አሳይቼ «ሐረር ላይ ነው የሞላሁት!» ብዬ ቀኝ ጆሯቸው ላይ ጮህኩ።

«ያ ረቢ!» ብለው ሳቁ። «ጭሮ ቁጭ ብዬ በሐረር ላፈጥር ነው?»

እኔም ሳቅኩ። ነገሩን ራሳቸው ነግረውኝ ነበር፤ የሰማ ጆሮ ግን አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን መሥራቱን ላይ ብዬ ሄድኩ። ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ፀሐይዋ ጠዋትም ማታም አትታይም። ስልኩ ጭናቸው ላይ ተንቀጠቀጠ፣ በረቀ፤ አዮ እንደ ልጅ ደነገጡና ሳቁ። ቴምሩን ከፈሉ፣ በሉ፣ ግማሹን ሰጡኝ። እኔ ድርሻዬን ውጬ፣ ጣቴን ልሼ ከጨረስኩ በኋላ ከታች ከመስጊዱ አዛን መጣ። ሰምቻለሁ። ዛሬ ሙአዚኑ ዘገየ አልኩ በልቤ። ስልክ ከሰው ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ያኔ ለእኔ ስድብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነፃ ወጣሁ። በየማታው ሱቄ ውስጥ ተደላድዬ ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ስንተያይ «ሞባይሉ ደህና ነው?» ብዬ በእጄ እጠይቃለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንደ ድሮው ማታ ለምን አትመጪም ብለው አልጠየቁኝም። ባይጠይቁኝ ደስ አለኝ።

ረመዳን በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት አንድ ጫት ነጋዴ ሱቄ ገባ። ከሁለት ቀን በፊት ያንኑ አፕ ከእኔው ስልክ በብሉቱዝ ልኬለት፣ ከተማውንም ያችኑ ሐረርን ሞልቼለት ነበር።

«ልጅት፣ ይሄ ያንቺ ሞባይል ትናንት ጾሜን ሊያስፈታኝ ነበር!» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ቴምሩን አንስቼ አፌ ላደርስ ስል ሚስቴ እጄን ያዘች። አዛን የታለ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አራት ደቂቃ ቆይቶ ነው ያለው። ባየው ጊዜ ሐረር ይላል። ሐረር እኮ ፀሐይ ቀድማ ነው የምትገባው! እኔ ጫት ይዤ ስዞር እዚያም አፈጥራለሁ፣ እዚህም አፈጥራለሁ፤ አውቀዋለሁ። እዚያ ቀድማ ትወጣለች፣ እዚያ ቀድማ ትገባለች።»

እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጥኩ። ሌላው ደንበኛዬ ሁሉ ጆሮ አለው። ስልኩ ቢቸኩልም አዛኑን ሰምቶ ነው የሚበላው። አዛኑን የማይሰማ፣ በእኔ ስልክ ብቻ የሚያፈጥር አንድ ሰው ነው ያለው።

የነጋዴውን አፕ አራት ደቂቃ ወደፊት ገፋሁለት። ከዚያ የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ፣ ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሳ ጠየቅኩት። «ሰው ሳያውቅ ፀሐይ ሳትገባ ቢያፈጥር ምን ይሆናል?»

«ላላወቀ አላህ መሐሪ ነው። ቀኑን ግን ቀዳ ያወጣል፣ በኋላ መልሶ ይጾመዋል።»

«ያሳሳተውስ ሰው?»

«ያሳሳተው ይናገራላ!» አለ፣ ይሄም ጥያቄ ነው እንዴ በሚል ድምፅ። «ካልተናገረማ ወንጀሉ የሱ ነው።» ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

የዚያኑ ቀን ቀትር ላይ አዮ ጋ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ልነግራቸው ነበር የማስበው። ስደርስ «ስልኩን ላጽዳልዎት!» ብዬ ጮህኩ። ሰጡኝ። ሚሞሪ እያጸዳሁ መስዬ አራቷን ደቂቃ ጨመርኩና መለስኩላቸው። «ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ። አሜን ያልኩበትን አፌን እስከ ዛሬ እታዘበዋለሁ።

ሰበብ አላጣሁም። አራት ደቂቃ ምን አላት? እግዚአብሔር ሰዓት ይዞ ይቆማል? ሴትየዋ ሰባ አልፏቸዋል፣ ደም ግፊት አለባቸው፤ ብነግራቸው አሥራ ስምንት ቀን መልሰው ሊጾሙ ነው፤ አለመንገሬ ለእሳቸው ማዘኔ ነው። ይሄን ሁሉ ለራሴ አልኩ። እውነቱ ግን ጾሙ የእኔ ስላልሆነ ቀለለኝ፤ ማፈሩ ደግሞ የእኔ ስለሆነ ከበደኝ።

ዒድ ሆነ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ጠሩኝ፤ አበሉኝ፣ አጠጡኝ። ልወጣ ስል ከጓዳ አንዲት ትንሽ ፌስታል አመጡ። ውስጧ ቴምር ነው፣ ሁሉም ግማሽ ግማሽ፣ የደረቀም ያልደረቀም።

«ያንቺ ነው» አሉ። «አልመጣሽም፤ ሞባይሉን ግን አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። በየማታው ከፍዬ አስቀመጥኩልሽ። ሐቅሽን አልበላም።»

የበላችው ያገሳታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል ይባላል። ፌስታሏን ይዤ ሱቅ ገባሁና ቆጠርኩ፤ ሃያ ዘጠኝ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ብቻ የለችም፤ እሷን ከእጃቸው በልቻታለሁ። እኔ የአሥራ ስምንት ቀን ጾማቸውን ሰውሬባቸው፣ እሳቸው ያልመጣሁበትን የሃያ ዘጠኝ ቀን ግማሽ ቆጥበውልኛል። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? በላሁት። እያንዳንዷን፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ስልክ እየፈታሁ። ልጥለው አልቻልኩም፣ ልመልሰው አልደፈርኩም፣ ፊቴ ተቀምጦ ሲያየኝ መዋሉንም አልቻልኩም። ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

አራት ወር አለፈ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ተነስቶ በደሉን ይናገራል፣ ይለቀስለታል፣ ይጸለይለታል። እኔ በእነዚያ እሑዶች የስልኬን ብርሃን ዝቅ አድርጌ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አቀረቅር ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አዮ ታመሙና ሆስፒታል ገቡ። ሦስት ቀን ተኙ። ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ፤ ግንባራቸውን ዳሰስኩ፤ ተኝተዋል። ጌታ ሆይ አትውሰዳቸው ብዬ ጸለይኩ፤ የጸለይኩት ለእሳቸው አልነበረም። እሳቸው ከሞቱ ነገሩ እኔ ላይ ለዘላለም እንደሚቀር ገብቶኝ ነው።

ተሽሏቸው ቤታቸው እንደገቡ ልነግራቸው ቆረጥኩ። ግን ሌላ ችግር መጣ። ኃጢአት ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው፤ ለአዮ ደግሞ ቀስ የሚባል ነገር የለም። ለእሳቸው ምስጢር መንገር ለሰፈሩ ማወጅ ነው። እዚህም ላይ አመሌ አልለቀቀኝም፤ አፕ ፈለግኩ። የስልኩን ማይክ እንደ ጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ የሚያደርግ፣ የሰውን ድምፅ አጉልቶ በኢርፎን የሚያሰማ አለ። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛዬ ስልክ ላይ አግኝቼ በብሉቱዝ ወሰድኩት። በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ይዤ ሄድኩ።

ኢርፎኑን ጆሯቸው ላይ ሰካሁ፤ ስልኩን አፌ ሥር ይዤ በለሆሳስ ጀመርኩ። «አዮ፣ ያኔ በረመዳን የሰጠሁዎት ስልክ...»

ኢርፎኑ አፏጨ፤ ግቢው ውስጥ የሚጮኸውን ዶሮ ከእኔ ድምፅ በላይ አጎላው። አዮ ከበርጩማቸው ዘለው ገመዱን ከጆሯቸው ነቀሉት። «ማል ጄቴ? ምንድነው ያልሽው? ዶሮው ነው የሚያወራኝ! ጩሂ በቃ!»

ጮህኩ። ምን ላድርግ። «አዮ! ያ ስልክ ተሳስቶ ነበር! ሐረር ላይ ስለሞላሁት! ፀሐይ ሳትገባ ነው ሲያፈጥሩ የነበረው!»

ከጎረቤት በርበሬ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ድምፁ ቆመ።

«ስንት ቀን?» አሉ።

«አሥራ ስምንት!»

«መቼ አወቅሽ?»

የፈራሁት ይሄንን ጥያቄ ነበር። «እዚያው በረመዳን!»

«ዒድ ሳይደርስ?»

«ዒድ ሳይደርስ!»

ገመዱን ወደ እኔ ገፉት። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼባቸው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ሆስፒታል መጥተሽ ነበር» አሉ። «ግንባሬን ነክተሻል። ተኝታለች ብለሽ ነው፤ እኔ አውቄያለሁ። ሞቼ ቢሆንስ? አሥራ ስምንት ቀን ይዤ አላህ ፊት ስቆም፣ አንቺ መጥተሽ ትናገሪልኝ ነበር?»

ተነስተው ገቡና በራቸውን ዘጉ። እኔ ኢርፎኑን እየጠቀለልኩ ግቢያቸው መሐል ቀረሁ። ከአጥር ወዲያ ሙቀጫው እንደገና ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እሱ ግን ያን ያህል አላሳፈረኝም።

በማግስቱ ጾም መጀመራቸውን በርበሬ ወቃጯ ነገረችኝ። ሮጬ ሄጄ «ጤናዎ ይቅደም፣ ይደርሳል!» ብዬ ጮህኩ። «ሞት ቀጠሮ ይሰጣል?» አሉኝ። ያን ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት ሱቄን ዘጋሁ። የያዝኩትን ድንጋይ አስታውሳለሁ፣ ጠፍጣፋ ነበር። አዛን ሲል ቆርቆሮውን ሦስቴ መታሁና በቀዳዳው ገባሁ። አዮ ቴምር አነሱ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ሙሉውን አፋቸው ውስጥ ጨመሩት። ፍሬዋን ተፍተው ወደ ሶላታቸው ገቡ። እኔ እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ።

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ቀን ሙሉውን በሉ። ይገባኛል። በዘጠነኛው ቀን አጥሩ ሥር አልተቀመጡም፤ ቀድሜ ብገባ መደብ ላይ ተጋድመዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ውሃ ልስጥዎት ብዬ ብለምን ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። የቀረው አራት ደቂቃ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በስልኬ ላይ ሰከንዷን አየሁ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሦስቴ ተነፈሱ መሰለኝ፣ በየመሐሉ ይቆማል። ምን አላት ያልኳትን አራት ደቂቃ ያን ቀን ነው ያወቅኳት። አዛን ሲል ማንኳኳቱን ረስቼ እጃቸውን ያዝኩ።

«አንኳኪ» አሉኝ። ተነስቼ ወጣሁና አንኳኳሁ።

አሥራ ስምንተኛው ቀን ደረሰ። እንደልማዳቸው ሙሉውን ቴምር በሉ። ሰግደው ሲጨርሱ ግን ሂጂ አላሉኝም፤ አጠገባቸው እንድቀመጥ መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ቂም መስሎሻል» አሉ።

«ቂም ቢይዙም እውነትዎን ነው!»

«በዒድ ስንት ግማሽ ሰጠሁሽ?»

«ሃያ ዘጠኝ!»

«በላሽው?»

ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። «በላሁት!»

«ሳታንኳኪ ነው የበላሽው። ያልሠራሽበት ሐቅ ሐራም ነው፤ ሆድሽ ውስጥ እንዲቀርብሽ አልፈለግኩም። አሥራ ስምንቱን ይኸው አንኳኳሽበት፣ ሐላል ሆኖልሻል።» ጣታቸውን ቆጠሩ። «አሥራ አንድ ይቀርሻል። ለረመዳን።»

አለቀስኩ። የተናደዱብኝ መስሎኝ አሥራ ስምንት ማታ ሙሉ ለራሴ ሳዝን፣ ሴትየዋ በተራበ አንጀታቸው የእኔን ሆድ ሲያጸዱ ነበር። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ረመዳን አሥራ አንድ ማታ አንኳኳሁ፤ አሥራ አንድ ማታ ሙሉ ቴምር ሲበሉ ቆሜ አየሁ። ስልኩንም አልጣሉትም፤ ከተስተካከለ ወዲህ ከአዛን ጋር እኩል እየነዘረ ጭናቸው ላይ ይቀመጣል። አሥራ ሁለተኛው ቀን ዕዳዬ አልቆ ግማሿን የማገኝበት የእኔ ቀን ነበር፤ ከጠዋት ጀምሬ አስቤዋለሁ። ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል አንድ የቢሮ ሠራተኛ መጣ። ነገር ይረሳል፤ ስልኩ ቀጠሮዎቹን ሁሉ እንዲያስታውሰው ማንቂያ ሙይልኝ አለ። አንዱን ሞላሁ፣ ሁለተኛውን ሞላሁ፣ አሳየሁት፣ ራሱ እስኪሞላ ጠበቅኩት። ይሄ ዘዴ ሕይወትህን ይለውጠዋል አልኩት። አዛን ያለው እኔ እንደዚያ እያወራሁ ነው።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ራሴን ስሰድብ ደረስኩ። ድንጋይ ማንሳትም አፍሬ በቀዳዳው ገባሁ። አዮ የራሳቸውን ግማሽ በሰዓቱ በልተው፣ ሰግደው፣ ተመልሰው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ቆርቆሮው ላይ ነው። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው፤ ነዝሮ፣ በርቆ፣ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኝ እጃቸው ጨብጧል።

«አዮ፣ ይቅርታ! ረሳሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ጭብጣቸውን ፈቱልኝ። ግማሿ ቴምር መዳፋቸው ላይ ቆይታ ለስልሳለች፣ ተጣብቃለች።

«ሞባይሉ ነግሮኛል» አሉ። «እሱ ግን አይበላም።»